የመጽሐፍ ሽፋንና የተሰበሰበ ቀልብ

የመጽሐፍ ሽፋን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መጠበቅ ነው፤ ገጾቹ እንዳይቀደዱ፣ እርጥበትና አቧራ እንዳያበላሻቸው፣ ጠርዛቸው እንዳይታጠፍ ያደርጋል። ሁለተኛው መናገር ነው፤ መጽሐፉ ሳይገለጥ ማን እንደ ጻፈው፣ ስለ ምን እንደ ተጻፈ፣ ሐዘን ይሁን ፌዝ፣ ወግ ይሁን ምርምር ያስታውቃል። መጠበቁ ጥንታዊ ነው። መናገሩ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ግን ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና መጻሕፍትን በክንዱ ላይ ቆልሎ የሚያዞረውን ሻጭ ያየ ሰው የሁለተኛውን ሥራ ክብደት ያውቃል፤ መንገደኛው እግሩን ሳያቆም ዓይኑን ጣል ያደርጋል፣ ያልፋል። ለዚያች ለጥቂት ሰከንድ እይታ ሲባል አንድ ሠሪ ስልኩን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቀናትን ተቀምጧል። በጨረፍታ የሚነበብ ሽፋን በጨረፍታ አይሠራም። እንዴት እንደ ተሠራ ለመረዳትም ጨረፍታ አይበቃም።

ሽፋን በሬዲዮ አይታይም። ስለዚህ ይህን ዝግጅት የሚከታተል ሰው አንድ መጽሐፍ በእጁ ቢይዝ ነገሩ ይቀለዋል። የትኛውም ይሆናል፤ የልጅ የመማሪያ መጽሐፍም ቢሆን።

የመጠበቁን ሥራ አጥርቶ ለማየት የኢትዮጵያን የብራና መጽሐፍ የሚተካከል ብዙ የለም። ብራና ፋቂው ቆዳውን ፍቆ፣ ቁም ጸሐፊው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ቅጠሎቹ በጥራዝ በጥራዝ ተደርድረው ለጠራዡ ይሰጣሉ። ከፊትና ከኋላ የሚገቡት ሁለት ገበታዎች ከእንጨት ይጠረባሉ፤ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ አንዳንዴም ከወይራ ወይም ከጽድ። ገበታው ከቅጠሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ይቆረጣል፤ እንደ ዛሬው ጠንካራ ሽፋን ከገጾቹ ጠርዝ አልፎ አይወጣም። በጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች በጥንድ በጥንድ ይበሳሉ። ጅማት ወይም የተገመደ ክር በቀዳዳዎቹ እያለፈ ጥራዙን ከጥራዝ፣ ጥራዙን ከገበታ ጋር እንደ ሰንሰለት ያያይዘዋል። ይህ የስፌት ዓይነት በጥንቶቹ የግብፅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት ላይ ከሚገኘው ጋር ዝምድና አለው። የስፌቱ ጀርባ በሙጫ ስለማይታሸግ መጽሐፉ ሲገለጥ ተንጠራርቶ ይዘረጋል፣ ሲከደንም ወደ ቦታው ይመለሳል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ የዘመናችን መጽሐፍ ከሁለተኛው ንባብ በኋላ ገጹ ሲረግፍበት ያየ ሰው የዚህን ስፌት ዋጋ ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም።

ከስፌቱ ቀጥሎ ቆዳው ይመጣል። ቀላ ያለ ቡናማ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ሁለቱን ገበታዎችና ጀርባውን ይለብሳል፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይለጠፋል። በገበታው ውስጠኛ ፊት ላይ ቆዳው ያልደረሰበት አራት ማዕዘን ቦታ ይቀራል። ያንን ብዙ ጊዜ ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ከነዚህ ጨርቆች መካከል ከህንድና ከሌላ ሩቅ አገር በንግድ የመጡ ስለሚገኙ የመጽሐፉ ሆድ ለንግድ ታሪክ አጥኚ እንደ ትንሽ መዝገብ ያገለግላል። የውጩ ፊት ግን ድጉስ የሚባለውን የቆዳ ጌጥ የሚያትመው የደጓሹ ነው። ደጓሹ ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን ቅርጽ የተቀረጸባቸው ብረቶች አሉት። አንዱ ቀጥ ያለ መስመር ያትማል፣ አንዱ ክብ፣ ሌላው ጥልፍልፍ። ብረቱን በእሳት ያሞቅና ቆዳው ላይ ይጫነዋል። ወርቅ አይገባበትም፣ ቀለም አይቀባበትም፤ ጌጡ ሁሉ የቆዳው ጎድጓዳነትና የሚጥለው ጥላ ነው። ክፈፍ በክፈፍ ውስጥ እየገባ ከዳር ወደ መሃል ይሄዳል፤ በመሃል አብዛኛውን ጊዜ መስቀል ይቆማል።

ድጉስ ቀልብ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ የሚያሳይ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም አይታረምም። ብረቱ ከልኩ በላይ ከጋለ ቆዳውን ያሳርረዋል። ከቀዘቀዘ ምልክቱ ይደበዝዛል። እጅ ለአንድ አፍታ ከሳተ የተዛነፈው መስመር መጽሐፉ እስካለ ድረስ ተዛንፎ ይኖራል። በዚህ የተነሣ ደጓሹ በአንድ ጊዜ ስለ አንዲት ምልክት ብቻ ያስባል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ክፈፉን ሲያሰምር አስቀድሞ ወስኖታል። ድጉስን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው አልፎ አልፎ አንድ ደስ የሚል ነገር ያገኛል፤ ክፈፉ ወደ ጥግ ሲደርስ ቦታው ያንስና የመጨረሻዋ ቅርጽ ተጨምቃ ወይም ተደርባ ትታያለች። የማሽን ሥራ እንዲህ ያለ ጥግ የለውም። ይህች የተጨመቀች ምልክት ጉድለት ናት ቢባል እንኳ የሠሪው እጅ የቆመበትን ቦታ የምታመለክት ናት።

ድጉሱን ደግሞ ማኅደር ይሸፍነዋል። ማኅደር ከጠንካራ ቆዳ የተሰፋ፣ መያዣ ጠፍር ያለው ከረጢት ነው። መጽሐፉ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በትከሻ ተንጠልጥሎም መንገድ ይሄዳል። ገበታው ሲሰነጠቅም አይጣልም፤ ስንጥቁ ግራና ቀኝ ይበሳና ይሰፋል። በቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡት የብራና መጻሕፍት መካከል እንደ ቅል የተሰፋ ገበታ ያላቸው ጥቂት አይደሉም።

የመናገሩ ሥራ በጥንቱ ዘመን ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ከዓድዋ ብዙም በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ሲታይ እ.ኤ.አ. ከ390 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። ከነርሱ የአንደኛው ገበታ በወርቅ በተለበጠ መዳብ ተሸፍኗል፤ በላዩ መስቀል ተሠርቶበታል፣ የከበሩ ድንጋዮች ይቀመጡባቸው የነበሩ የሚመስሉ ጎድጓዶችም አሉት። በዓለም ላይ ከመጽሐፋቸው ሳይለዩ ከኖሩት ሽፋኖች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ ሽፋን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለመጽሐፍ ገዢ አይደለም። በሰልፍና በቅዳሴ ከሩቅ ለሚያየው ምእመን «ይህ ወንጌል ነው» ይላል፣ ያ ይበቃዋል።

በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ መጽሐፍ ገዢ ከሻጩ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ያልተጠረዘ ወይም በጊዜያዊ ወረቀት የተሸፈነ ጥራዝ ነበር። የሚያስጠርዘው ራሱ ነው፣ በወደደው ቆዳ፣ በአቅሙ ልክ። ስለዚህ ሽፋኑ የሚናገረው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ኪስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ (ቀጥለው የሚነሡት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የለንደን አሳታሚዎች የአንድን መጽሐፍ ቅጂዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ጨርቅ አስጠርዘው መሸጥ ሲጀምሩ ሽፋን ከገዢው እጅ ወደ አሳታሚው እጅ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ ራሱ መናገር ይችላል። የጨርቁን ሽፋን ከቆሻሻ ለመጠበቅ ደግሞ ተንቀሳቃሽ የወረቀት ልባስ ተጨመረ። እስካሁን ከተገኙት የዚህ ዓይነት ልባሶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ በ1829 የታተመ መጽሐፍ ላይ የነበረ ሲሆን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መጽሐፉን እንደ ዕቃ ጠቅልሎ በሰም የሚታሸግ ወረቀት ነበር፤ ገዢው ቀዶ ይጥለዋል። ዛሬ ሥዕል የምናይበት፣ ስም የምናነብበት ገጽታ የተወለደው ሊጣል ከተዘጋጀ መጠቅለያ ነው።

የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሽፋን ታሪክ ረጅም ነው፤ እዚህ ለጉዳዩ የሚጠቅሙ ጥቂት ሰዎችን ማንሣት ይበቃል። በ1935 አለን ሌን የተባለ እንግሊዛዊ አሳታሚ ፔንግዊን በሚል የወፍ ስም አሥር መጻሕፍትን በወረቀት ሽፋን አውጥቶ እያንዳንዱን በ6 ፔንስ ሸጠ። ሽፋኑ ላይ ሥዕል አልነበረም። ሦስት አግድም ሰቆች ብቻ ነበሩ፤ የላይኛውና የታችኛው ባለ ቀለም፣ መካከለኛው ነጭ። ብርቱካናማው ለልብ ወለድ፣ አረንጓዴው ለወንጀል ታሪክ፣ ጥቁር ሰማያዊው ለሕይወት ታሪክ። የወፊቱን ምስል የሣለው ኤድዋርድ ያንግ ያን ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር፤ ለንደን ወደሚገኘው የአራዊት ማቆያ ሄዶ ወፎቹን እያየ ሣላቸው። ዲዛይኑ ቀላል ቢመስልም ከሩቅ ይለያል፤ ገዢው ርእሱን ከማንበቡ በፊት ቀለሙን አንብቦታል።

ይህን ዲዛይን ወደ ፍጹምነት ያደረሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ያን ቺኮልድ በናዚዎች ታስሮ ከተፈታ በኋላ ከጀርመን ወደ ስዊዘርላንድ የተሰደደ የፊደል ሊቅ ነበር። በ1947 ፔንግዊን ቀጠረው፤ እስከ 1949 በቆየባቸው ዓመታት ከ500 በላይ መጻሕፍት በእጁ አልፈዋል። ያደረገው አዲስ ሥዕል መጨመር አልነበረም። በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ለካ፤ መስመሩ ወፍሮ ከሆነ አቀጠነው፤ ወፊቱን ደጋግሞ ሣላት፤ አራት ገጽ የሚሆን የአጻጻፍና የአደራደር ደንብ ጽፎ ለማተሚያ ቤቶች ሰጠ። የማተሚያ ቤቶቹ ፊደል ለቃሚዎች መጀመሪያ አጉረምርመዋል፤ በሁለት ትልልቅ ፊደላት መካከል ያለ የአንድ ፀጉር ስፋት ማንን ይጎዳል? ቺኮልድ ግን አንባቢ ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ ልዩነቱ ዓይኑ ላይ እንደሚያርፍ ያምን ነበር። የእርሱ ሥራ የድጉስ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብረቱ ብቻ ተለውጧል።

በአሜሪካ ደግሞ ሥዕል ያለው ሽፋን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1925 የወጣው የስኮት ፊትዝጄራልድ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ሽፋን ምናልባት ከሁሉ የታወቀው ነው። የሣለው ስፔን የተወለደው ፍራንሲስ ኩጋት ነው፣ የተከፈለውም 100 ዶላር። ጥቁር ሰማያዊ የሌሊት ሰማይ ላይ ሁለት ያዘኑ ዓይኖችና ቀይ ከንፈር ተንሳፍፈዋል፤ ፊት የለም፣ አፍንጫ የለም። ከታች የከተማ መብራቶች እንደ በዓል ይንቦገቦጋሉ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ማየቱን ያቆማል። ቀረብ ብሎ የሚያይ ግን በዓይኖቹ ብሌን ውስጥ የተጋደሙ ጥቃቅን የሴት ገላዎች ያገኛል። ሥዕሉ የተጠናቀቀው ልብ ወለዱ ከማለቁ በፊት ነበር፤ ደራሲው ወደ አሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ ሽፋኑን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡበት ለምኖ ወደ ድርሰቱ እንዳስገባው ገልጿል። እንዲህ ሽፋን ድርሰትን ሲመራ ማየት ብርቅ ነው። ኩጋት ወደዚያ ምስል የደረሰባቸው የመጀመሪያ ንድፎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ተገኝተዋል፤ ሐሳቡ በአንድ ጊዜ እንዳልመጣ ይመሰክራሉ።

አልቪን ላስቲግ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኒው ዳይሬክሽንስ ለተባለው አሳታሚ በሠራቸው ሽፋኖች ላይ የታሪኩን ትዕይንት አይሥልም ነበር። መጽሐፉን ያነብባል፤ ደራሲው ከምን ስሜት እንደ ተነሣ ይፈልጋል፤ ከዚያ ያንን ስሜት በመስመር፣ በቅርጽና በቀለም ብቻ ይናገረዋል። በልጅነቱ የጀመረው የስኳር በሽታ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበትና በ1954 ገደማ ማየት ተሳነው። ሥራውን ግን አላቆመም። ሽፋኑን በሐሳቡ ከጥግ እስከ ጥግ አቁሞ፣ ርቀቱንና ቦታውን በቃል እየነገረ፣ ቀለሙን ደግሞ የሚታወቅ ነገር ቀለም እየጠቀሰ ለባለቤቱ ለኢሌንና ለረዳቶቹ ያስፈጽም ነበር። በ1955 በ40 ዓመቱ ሞተ፤ ኢሌንም በራሷ ስም የታወቀች ዲዛይነር ሆነች። ዓይን የሌለው ሰው ሽፋን መሥራት ከቻለ፣ የሽፋን ሥራ ከኮምፒውተርና ከቀለም በፊት በሐሳብ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው ማለት ነው።

ሌላው ሽፋን ሠሪ ቺፕ ኪድ በ1990 ለወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» ለተባለው ልብ ወለድ ሽፋን እንዲሠራ ሲታዘዝ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄደ። ከዚያ በገዛው መጽሐፍ ውስጥ ካለ የዳይኖሰር አጽም ሥዕል ላይ ስስ ወረቀት አኑሮ አጥንት በአጥንት ገለበጠው። ውጤቱ ነጭ ሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር አጽም ነው፤ ግማሹ አጥንት፣ ግማሹ ሥጋ የለበሰ የሚመስል ጥላ። በ1993 የወጣው ፊልም ምስሉን አርማው አደረገው። ዛሬ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ያንን አጽም ያውቀዋል።

በየትም አገር የሽፋን ሥራ አካሄድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሠሪው መጀመሪያ ረቂቁን ያነብባል። ሳያነብ በርእሱ ብቻ የሚሠራም አለ፤ ርእሱ «ዝናብ» ከሆነ ጃንጥላ ይሥላል፣ መጽሐፉ ስለ ድርቅ ቢሆንም። ሲያነብ የሚደጋገም ነገር ይመዘግባል፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀለም፣ ሰዎቹ የሚቀመጡበት አንድ ክፍል። ከዚያ በእርሳስ ክብሪት ቀፎ የሚያክሉ ብዙ ንድፎች ይሥላል። ትንሽ የሚሠሩት በምክንያት ነው፤ በዚያ መጠን የማይታወቅ ሽፋን ከመንገድ ማዶ ወይም በስልክ መስታወት ላይም አይታወቅም። ከነዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ያድጋሉ፣ አሳታሚውና ደራሲው ያዩዋቸዋል፣ ይጣላል፣ ይመለሳል።

ሂሳብም አለው። የጀርባው ውፍረት ካልታወቀ ሽፋኑ አይገጥምም። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ 150 ቅጠል ነው፤ የአንዱ ወረቀት ውፍረት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከሆነ ጀርባው 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የሳተ ሰው ርእሱ ከጀርባው ተንሸራቶ ወደ ፊቱ ሲዞር ያያል። ለመቁረጫም በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ቀለም ይተዋል፤ ካልተወ መቁረጫው ጥቂት ሲዛነፍ ነጭ መስመር ይቀራል። በእጅ የተያዘው መጽሐፍ ጀርባ ቢታይ ርእሱ ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እንግሊዞች የመጀመሪያውን፣ ፈረንሳዮች ሁለተኛውን ይከተላሉ። የአማርኛ መጻሕፍት በሁለቱም ስለሚወጡ መደርደሪያ የሚያስስ ሰው አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ማዘንበል ግድ ይለዋል።

የአማርኛ ሽፋን ሠሪ የራሱ ጣጣ አለው፤ ይኸውም ፊደሉ ነው። ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው ሠሪው በትልቁ ብቻ ጽፎ ርእሱን እንደ ግንብ ማቆም ይችላል። ግእዝ ይህ የለውም፤ በለውጡ ግን እግሩና ቅጥሉ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ አንድ መስመር ርእስ ከላይም ከታችም ወጣ ገባ ያለ ጠርዝ ይኖረዋል። የተዘጋጁ የግእዝ ቅርጸ ፊደላት ከላቲኑ ጋር ሲወዳደሩ ጥቂት ናቸው። ብዙ ሠሪዎች ከዚህ የተነሣ ያለውን ፊደል በኮምፒውተር ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይለጥጡታል፤ ይህ መጥፎ ልማድ ነው። የተለጠጠ ፊደል ቁመቱ ቀጥኖ አግድሙ ይወፍራል፣ ወይም በተቃራኒው፤ ብርዕ ይዞ ያየ ሰው ወዲያው ይታወቀዋል። የተሻለው መንገድ የርእሱን ፊደላት በእጅ መሣል ነው። ርእስ አራት አምስት ቃል እንጂ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ቀን ሙሉ ቢሰጠው አይበዛበትም።

የርእሱ ፊደላት ቁጥር እንኳ የሽፋኑን መልክ ይወስናል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስት፣ ሦስትና አራት ፊደል ያላቸው ሦስት ቃላት ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ቢደረደሩ እኩል የቆመ ዓምድ ለመሆን ትንሽ ይቀራቸዋል። «ኦሮማይ» አራት ፊደል ብቻ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ሽፋኑን ሞልቶ ሊቆም ይችላል። «የተቆለፈበት ቁልፍ» ግን ሰባትና ሦስት ነው፤ ሠሪው ያንን ትርፍ ባዶ ቦታ በምን እንደሚሞላው ወይም ባዶውን እንዴት እንደሚጠቀምበት ማሰብ አለበት። ይህን ቆጠራ ማንም ሰው በያዘው መጽሐፍ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሥራ ያልተቆራረጠ ጊዜ ይጠይቃል። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ በ2009 ባወጣችው ጥናት አንድ ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲዘል ከሐሳቡ ከፊሉ በተወው ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር፣ አዲሱንም ሥራ በዚያው መጠን እንደሚያበላሽ አሳይታለች። ስልክ አንሥቶ አንድ መልእክት ብቻ ማየት የአንድ ደቂቃ ነገር ይመስላል፤ የሚያስከፍለው ግን ከደቂቃዋ በላይ ነው። አማርኛ ይህን ነገር ከጥንት ያውቀዋል፤ ቀልቡ የተበተነ፣ ቀልቡን የሰበሰበ ይላል። የተበተነ ነገር ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈጃል።

መለማመጃው ውስብስብ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ ማጥናት አልሆንልህ ብሎት በቲማቲም ቅርጽ የተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት ጠምዝዞ እስኪጮህ ድረስ ሌላ ነገር ላለመንካት ከራሱ ጋር ተስማማ። ኋላ 25 ደቂቃ ሥራና 5 ደቂቃ ዕረፍት ብሎ ደንብ አወጣለት፤ ዘዴው በቲማቲሙ የጣሊያንኛ ስም ፖሞዶሮ ተባለ። 25 ደቂቃው የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። ለጀማሪ 15 ይበቃል፣ ለለመደ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያንሰዋል። ዋናው ነገር ሁለት ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ሳይሆን ሌላ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት፣ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የሚሠራው አንድ ነገር በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። «ሽፋኑን መሥራት» ሥራ አይደለም፤ በጣም ሰፊ ነው። «የርእሱን ሦስት ቃላት በእርሳስ ስድስት ዓይነት መደርደር» ሥራ ነው። ሐሳብ ከመንገድ ሲወጣ፣ መውጣቱም አይቀርም፣ የመጣውን ሐሳብ በጎን ወረቀት ላይ ጣል አድርጎ መመለስ ነው። ከራስ ጋር መጣላት ሌላ መበተን ይጨምራል።

ማየትም እንደ መሥራት ልምምድ ይፈልጋል። በ2001 በወጣ ጥናት በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በአንድ ሥዕል ፊት የሚቆሙት በአማካይ 27 ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ግማሾቹም ከ17 ሰከንድ ያልበለጠ። ይህ ታላላቅ ሥዕሎች ፊት፣ ሥዕል ለማየት ብለው በገቡበት ቤት ነው፤ ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሰጠው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ጄኒፈር ሮበርትስ ተማሪዎቿን አንድ ሥዕል ፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ ታስቀምጣቸዋለች። ራሷም በ1765 በተሣለ የጆን ኮፕሊ ሥዕል ላይ ሞክራዋለች፤ ሥዕሉ ከዛፍ ዛፍ የምትንሳፈፍ ትንሽ እንስሳ በሰንሰለት የያዘ ልጅ ነው። የልጁ ጆሮ ቅርጽ በእንስሳዋ ሆድ ላይ ካለው የፀጉር መስመር ጋር አንድ መሆኑን ለማየት 9 ደቂቃ ፈጀባት። ሰንሰለቱን የያዙት ጣቶች ስፋት ጠረጴዛው ላይ ካለው የውኃ ብርጭቆ ስፋት ጋር እኩል መሆኑን ለማየት 21 ደቂቃ። ከኋላ የተጋረደው መጋረጃ እጥፋት የጆሮውንና የዓይኑን ቅርጽ እንደሚደግም ለማየት 45 ደቂቃ። ዓይኗ ሥዕሉ ላይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ነበር፤ አየሁ ማለት ግን አወቅሁ ማለት አልነበረም።

ለመጽሐፍ ሽፋን ሦስት ሰዓት ይበዛል፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይቁም፣ ሰዓት ይሞላ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «ያምራል» ወይም «አያምርም» ማለት ክልክል ነው፤ የሚታየውን ብቻ በቃል መናገር፣ ለማያይ ሰው እንደሚነግሩት አድርጎ። ላስቲግ በመጨረሻ ዘመኑ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዚያ ርእሱን በእጅ መሸፈን፤ ያለ ርእሱ ሥዕሉ ምን ይላል? ሥዕሉን መሸፈን፤ ፊደሉ ብቻውን ምን ዓይነት ድምፅ አለው፣ የሚጮህ ነው ወይስ የሚያንሾካሹክ? መጽሐፉን ገልብጦ ማቆም፤ ቃላቱ ቃል መሆናቸው ሲቀር ከባዱ ቀለም የት እንዳለና ባዶው ቦታ የት እንደሚተነፍስ ጎልቶ ይወጣል። ሦስት አራት እርምጃ ርቆ ማየት፤ ምን ጠፋ፣ ምን ቀረ? እስከ ሰባተኛው ደቂቃ ድረስ ብዙ ነገር ይታያል፣ ከዚያ መሰልቸት ይመጣል። መሰልቸቱ የማለቁ ምልክት አይደለም፤ ዓይን የለመደውን ጨርሶ ያልለመደውን ከመጀመሩ በፊት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥሩው ግኝት ከዚያ ወዲያ ይመጣል።

መጽሐፉ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ይህን መድገም ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ትርጉም የሌለው ጌጥ መስሎ የታየ ነገር የታሪኩ እምብርት ሆኖ ይገኛል። አንዳንዴም ተቃራኒው ይሆናል፤ ሽፋኑ ላይ ያለችው ቆንጆ ሴት በመጽሐፉ ውስጥ የትም አለመኖሯ ይታወቃል። ያ ሽፋን የተሠራው ለመጽሐፉ ሳይሆን ለገበያው ነው፤ ይህንንም አይቶ መለየት የማየት ችሎታ አካል ነው።

በጥንቱ ዘመን የደጓሹ ስም በድጉሱ ላይ አይጻፍም ነበር፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አይታወቁም። የዘመናችን ሽፋን ሠሪ ስም ግን ብዙ ጊዜ ይጻፋል፣ በሚያሳዝን ቦታ፤ ከርእሱ ገጽ ጀርባ፣ የመብቱ ማስታወቂያ ባለበት፣ በትናንሽ ፊደል። አሳታሚ ሆይ፣ ካልተጻፈ ይጻፍ። ይህን ዝግጅት መጽሐፍ ይዞ የተከታተለ አድማጭም አሁን ያንን ገጽ ይግለጥና ስሙ እንዳለ ይፈልግ።